የጭቃ ቤትን በገዛ እጅ ማደስ፦ ውኃ፣ እንጨትና ሲሚንቶ



የዛሬው ርእሴ በሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ብዙም ቦታ የማይሰጠው ነው። ስለ አዳዲስ ሕንፃዎች፣ ስለ ትልልቅ ንድፎችና ስለ ከተማ ዕቅድ ብዙ እናስተምራለን። አንድ ቤተሰብ በእሑድ ቀን፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ እጅ የሚያድሰውን ግድግዳ ግን እንደ ትምህርት ጉዳይ አንቆጥረውም። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮችም ሆነ በደጋው አገር የገጠር ከተሞች ከቆሙት ቤቶች እጅግ ብዙዎቹ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ቤቶች ዛሬም ቆመው የሚገኙት ነዋሪዎቻቸው በየጊዜው ስለሚጠግኗቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ የጭቃ ቤት ለምን ይፈርሳል? ሰውስ በገዛ እጁ ሲያድሰው የትኛው ሥራ ዕድሜውን ያረዝማል፣ የትኛው ያሳጥራል?

መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። በአመዛኙ ቤቱን የሚገድለው ውኃ ነው፤ ጥገናው የሚከሽፈው ደግሞ የውኃውን መንገድ ሳንዘጋ ቁስሉን ብቻ ስንሸፍን ነው። የቀረው ንግግሬ ይህን የሚያብራራ ነው።

ግድግዳው እንዴት ተሠራ?

አንድን ነገር ለመጠገን አሠራሩን ማወቅ ግድ ነው። የተለመደው የጭቃ ቤት የባሕር ዛፍ አጣናዎችን በቋሚነት መሬት ውስጥ በመትከል ይጀመራል። በቋሚዎቹ ላይ ማገር በአግድም ይመታል። ከላይ ወራጅና የጣራ እንጨት ይያያዛል፤ ቆርቆሮ ይለብሳል። ከዚያ በኋላ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረጋል። ምርጊቱ ሲደርቅ በቀጭኑ ይለሰናል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ በፍጥነት ተመናመነ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ይህን ችግር ፈታ። ፈጥኖ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፣ ከተቆረጠ በኋላም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ነገር ግን ወጣት አጣና ለመበስበስና ለምስጥ የተጋለጠ ነው። ከጽድና ከወይራ በተሠራ አሮጌ ቤትና ከአጣና በተሠራ ቤት መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

ጭዱ በጭቃው ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ብዙ ሰው ማጣበቂያ አድርጎ ያየዋል። ዋናው ሥራው ሌላ ነው። የሸክላ ባሕርይ ያለው አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። ጭድ ከሌለ መኮማተሩ በጥቂት ሰፋፊ ስንጥቆች ይገለጣል። ጭድ ሲኖር ያው መኮማተር በብዙ ጥቃቅን፣ ዓይን በማያያቸው ስንጥቆች ይከፋፈላል። ጭቃውን አቡክቶ ለቀናት ማቆየትና ደጋግሞ መርገጥም ከንቱ ልማድ አይደለም። ውኃው እያንዳንዱን የሸክላ ቅንጣት እንዲያርስ ጊዜ ይሰጣል፤ ጭዱም ሲብላላ ይለሰልሳል፣ ቡኮውም ይበልጥ ይጣበቃል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን በቤተ ሙከራ ሳይሆን በእግራቸው መርምረው የደረሱበት ነው።

ውኃ በስንት በር ይገባል?

ውኃ ወደ ጭቃ ግድግዳ የሚገባባቸው መንገዶች በዋናነት አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ከላይ ነው፤ የሚያፈስ ቆርቆሮ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቆርቆሮው ሳይሆን ከሚስማሩ ነው። ቆርቆሮ ጉብታና ሸለቆ አለው። ውኃ የሚወርደው በሸለቆው ስለሆነ ሚስማር በጉብታው ላይ መመታት አለበት። በሸለቆው የተመታ ሚስማር ጎሚኒው ሲያረጅ በክረምቱ ሁሉ የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ይሆናል።

ሁለተኛው ከጎን ነው፤ በነፋስ የሚገፋ ዝናብ። ክፈፉ አጭር የሆነ ጣራ ግድግዳውን አይጋርድም።

ሦስተኛው ከመሬት ተነሥቶ የሚረጨው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት በግምት 1200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት ይወርዳል። ጣራው 6 በ5 ሜትር፣ ማለትም 30 ካሬ ሜትር መሬት የሚሸፍን ትንሽ ቤት በዓመት 36,000 ሊትር ውኃ ይቀበላል። ጣራው ሁለት ክንፍ ካለውና አሸንዳ ከሌለው፣ ይህ ሁሉ በሁለቱ ባለ 6 ሜትር ጠርዞች ይወርዳል። በእያንዳንዱ ሜትር የግድግዳ ርዝመት ግርጌ 3,000 ሊትር ውኃ ይፈሳል ማለት ነው። ጠብታው መሬት ሲመታ ጭቃ ይዞ ይረጫል። ከጉልበት በታች ያለው ልስን ቀድሞ የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ከታች ወደ ላይ ነው። የኩራዝ ክር ጋዙን ከሥር ስቦ ወደ ላይ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ የጭቃ ግድግዳም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ አማካይነት የመሬትን እርጥበት ወደ ላይ ይስባል። ይህ ውኃ በግድግዳው ፊት ተንኖ ካልወጣ በውስጡ ይከማቻል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ሲሚንቶው ስንሄድ ዋናው ቁልፍ እርሱ ነው።

እንጨት ለምን በአፈሩ ጠርዝ ይበሰብሳል?

የበሰበሰ ቋሚ ነቅላችሁ ብታዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥልቅ የተቀበረው ጫፍም፣ ከላይ ያለውም ክፍል ደኅና ሆኖ መሬት የሚነካበት ቦታ ብቻ ተበልቶ ታገኙታላችሁ። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ለመኖር እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ደረቅ እንጨት ውስጥ አይኖርም፤ የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ መበስበስ በተግባር ይቆማል ሊባል ይችላል። በጥልቅ በተቀበረው ክፍል ደግሞ አየር ያንሳል። ሁለቱ የሚገናኙት በአፈሩ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ቋሚን ለማዳን መርዝ ከመቀባት በፊት የሚቀድመው ያንን ጠርዝ ማድረቅ ነው። ምስጥም ቢሆን እርጥበትና ጨለማ ይወዳል፤ ከመሬት ወደ እንጨቱ የሚወጣው በጭቃ በሠራው ቀጭን ዋሻ ነው። ያን ዋሻ ማየት የሚችል ሰው ችግሩን በጊዜ ይደርስበታል።

የሲሚንቶው ጉዳይ

አሁን ወደ ንግግሬ እምብርት ደርሻለሁ። ዛሬ የጭቃ ቤት ያለው ቤተሰብ ትንሽ ገንዘብ ሲያጠራቅም በአብዛኛው የሚያስበው በግድግዳው ላይ የዶሮ ሽቦ ወጥሮ በሲሚንቶ ማስለሰን ነው። ይህን ውሳኔ እንደ አላዋቂነት የሚያዩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሲሚንቶ ይታጠባል፤ ቀለም ይቀበላል፤ ትኋንና ቁንጫ የሚደበቁበትን ስንጥቅ ይደፍናል፤ በየዓመቱ ከመለሰን ያሳርፋል። ከዚህም በላይ በጎረቤት ፊት ክብር ይሰጣል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ምክንያቶች ናቸው። ጥያቄዬ ቤተሰቡ የተመኘውን በእርግጥ ያገኛል ወይ የሚል ነው።

የጭቃ ግድግዳ ሕይወት ያለው ያህል ይንቀሳቀሳል። በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። የሲሚንቶ ልስን ግን ግትር ነው። ከሥሩ ያለው አካል ሲንቀሳቀስ እርሱ አብሮ መንቀሳቀስ ስለማይችል ይሰነጠቃል። በመጀመሪያው ዓመት ክረምት ስንጥቁ እንደ ጸጉር የቀጠነ ነው፤ ማንም አያየውም። ዝናቡ ግን ያገኘዋል። በስንጥቁ የገባው ውኃና ከመሬት የተሳበው ውኃ ይገናኛሉ። ቀድሞ ይህ እርጥበት በጭቃው ፊት ተንኖ ይወጣ ነበር። አሁን ጥቅጥቅ ያለው ሲሚንቶ መውጫውን አጥብቦበታል። ስለዚህ ከልስኑ ጀርባ ጭቃው ይርሳል፤ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ሽቦውና ሚስማሩ ይዝጋል። ምስጡም በጨለማና በእርጥበት፣ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ሥራውን ይሠራል።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሲሚንቶው የሕመሙን ምልክት ይደብቃል። በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ ሲታመም ይናገራል፤ ይረግፋል፣ ይጠቁራል፣ ያብጣል። በሲሚንቶ የተለበጠው ግን ውስጡ ባዶ እየሆነ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ቀን ልስኑ በትልቅ ገበታ መልክ ከነሽቦው ሲወድቅ፣ ከኋላው የሚገኘው ዱቄት የሆነ ጭቃና የሚፈረካከስ እንጨት ነው። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ጥገና ሳይሆን አዲስ ግድግዳ ነው። ቤተሰቡ ቁጠባውን ያወጣው ቤቱን ለማቆየት ነበር፤ ያገኘው ግን ድንገተኛ መፍረስ ነው። ከግድግዳው ሥር አልጋ እንዳለ፣ በአልጋው ላይም ሕፃን እንደሚተኛ አንርሳ።

ይህ ችግር የድሆች ቤት ብቻ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጎንደሩ ፋሲል ግቢ የተገነባው በድንጋይና በኖራ ነው። ቀደም ባሉ ጊዜያት በሲሚንቶ የተደረጉ ጥገናዎች ከነባሩ አሠራር ጋር ባለመስማማታቸው፣ በኋላ የመጡ የጥበቃ ሥራዎች ወደ ኖራ ተመልሰዋል። መርሁ ለቤተ መንግሥትም ለጭቃ ቤትም አንድ ነው፤ የሚጠግነው ነገር ከሚጠገነው ነገር የጠነከረና የታፈነ መሆን የለበትም።

ከማደስ በፊት መመርመር

ታዲያ በገዛ እጁ ቤቱን ማደስ የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር? ከምርመራ። ለዚህ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በየቤቱ ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ዝናብ ሲዘንብ ወጥቶ ማየት። ውኃው ከየት ወርዶ የት እንደሚጠራቀም በበጋ መገመት ይከብዳል፤ በሐምሌ ግን ራሱ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ግድግዳውን በጣት አንጓ ማንኳኳት። የተያያዘ ልስን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ሦስተኛ፣ የቋሚውን እግር በወስፌ መውጋት። ደኅና እንጨት ይመክታል፤ የበሰበሰው ወስፌውን ያለ ተቃውሞ ይውጠዋል። አራተኛ፣ ከጣራው ጫፍ ቱንቢ ጥሎ ግድግዳው ምን ያህል እንዳዘነበለ መለካት። አምስተኛ፣ የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን ካላለፈ ያረፈ ነው፤ ካለፈ ግን ቤቱ ገና እየሄደ ነው። እንደ መረብ የተበታተኑ ቀጫጭን ስንጥቆች የድርቀት ናቸው። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ግን ብዙውን ጊዜ መሬቱ መስመጡን ይነግረናል።

አፈሩንም መመርመር ይቻላል። ሲሶውን አፈር የሞላ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውኃ ጨምሮ በደንብ መናጥና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደለሉ በሰዓታት ውስጥ፤ ሸክላው ደግሞ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። የንብርብሮቹ ውፍረት የአፈሩን ጠባይ ያሳያል። ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር፣ ሲረጥብ እጅግ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ እጅግ የሚኮማተር ስለሆነ ብቻውን ለምርጊት አይመረጥም፤ ቀይ አፈር ይሻላል። ጥርጣሬ ካለ የተለያየ የጭድና የአሸዋ መጠን ያላቸውን ሦስት አራት ድብልቆች በግድግዳው ላይ አንድ አንድ ክንድ በሚያህል ቦታ ለስኖ፣ ከደረቁ በኋላ ያልተሰነጠቀውን መምረጥ ከማንኛውም የመጽሐፍ ቀመር ይበልጣል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ልስን የመጨረሻው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ጣራው። የሚያፈሱ ሚስማሮች ይለወጣሉ፤ ክፈፉ አጭር ከሆነ ይራዘማል፤ አሸንዳ ይሰቀላል፤ ውኃውም በቱቦ ወደ በርሜል ወይም ወደ ቦይ ይመራል። ቀጥሎ መሬቱ። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር በዓመታት ብዛት ከፍ ብሎ የግድግዳውን እግር ከቀበረ ይጠረጋል፤ ከግድግዳው ወደ ውጭ ዝቅ እያለ እንዲሄድ ይስተካከላል፤ ቦይ ይቆፈራል። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ቢሠሩና ገንዘቡ ቢያልቅ እንኳ ቤቱ ትልቅ ጥቅም አግኝቷል። በአንጻሩ ልስኑ ተሠርቶ እነዚህ ቢቀሩ ገንዘቡ በከንቱ ፈሷል።

ሦስተኛው እንጨቱ ነው። የበሰበሰ ቋሚ ሲለወጥ ጣራው አስቀድሞ በባላ ይደገፋል፤ ባላው በሽብልቅ ይጠበቃል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ቋሚ በላይ አይነካም። አዲሱ እግር በቀጥታ አፈር ውስጥ ከሚቀበር ይልቅ ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ቢያርፍና እንዳይንሸራተት ቢታሰር ዕድሜው ይረዝማል። ሲሚንቶ ተገቢ ቦታውን የሚያገኘውም እዚህ ነው፤ ከግድግዳው ሥር ባለው የድንጋይ መሠረት ላይ።

በመጨረሻ ልስኑ። የላላው ይረግፋል፤ ፊቱ ይጫራል፤ በውኃ ይረጫል፤ ከዚያም በቀጫጭን ድርብ ይለሰናል። እያንዳንዱ ድርብ ሳይደርቅ ቀጣዩ አይደረብም። ነጭና የሚታጠብ ፊት የሚፈልግ ሰው በኖራ ሊጨርሰው ይችላል፤ ኖራ ከሲሚንቶ ይልቅ እንፋሎት ያሳልፋል፣ ለእንቅስቃሴም ይታገሣል። ነገር ግን ቶሎ እንዳይደርቅ ለቀናት እያረጠቡ መጠበቅን ይጠይቃል፤ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥልም ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካም። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ካለፈና ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት አንሥቶ የበልግ ዝናብ እስኪጀምር ነው።

ገደቡንም ልናገር። በቱንቢ ሲለካ በግልጽ ያዘነበለ ግድግዳ፣ ብዙ ቋሚዎቹ በአንድ ወገን የበሰበሱበት ቤት፣ እንዲሁም በእርጥብ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ የእሑድ ሥራ አይደሉም። ግድግዳ ከመንካት በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት ለማንም የማይቀር ግዴታ ነው።

ጥገናና ባለቤትነት

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቁስ ነው። ነገር ግን ቤት የሚበሰብሰው በውኃ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌዎች ሥር ገቡ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ቆየ። ይህ ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ በዚያው ልክ ግን ከኪራዩ የሚገኘው ገቢ ለጥገና የሚበቃ አልሆነም። አከራዩ የሚያድስበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ያልሆነውንና ነገ ለልማት ሊፈርስ የሚችለውን ቤት ለማደስ አመነታ። ስለዚህ የሁለቱም ያልሆነው ግድግዳ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ርግጠኛ ያልሆነ ሰው የሚመርጠው ጥገና ቶሎ የሚታየውን ነው። ቦይ መቆፈርና የቋሚ እግር መለወጥ ፍሬያቸው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ልስን ግን በዚያው ቀን ያምራል። በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ቤት ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው ልስንን ቢመርጥ ስሌቱ ትክክል ነው። ስለዚህ ስለ ጭቃና ስለ ኖራ የምንሰጠው ትምህርት፣ ሰው በቤቱ ውስጥ ለመቆየት ካለው ዋስትና ጋር ካልተያያዘ በከፊል ባዶ ነው።

ተማሪዎቼ፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። በሚመጣው ሐምሌ ዝናቡ ሲጠነክር፣ የምትኖሩበትን ቤት ወይም የጎረቤታችሁን ቤት አንድ ጊዜ ዙሩት፤ ከጣራው የወረደው ውኃ የት እንደሚሄድ ተከተሉት። የግድግዳውን እግር የሚመታ ከሆነ ለቤቱ ባለቤት ንገሩት፤ አካፋ ካገኛችሁም አብራችሁት ቦዩን ቆፍሩ። በንድፍ ክፍል ውስጥ ስለ እርጥበት የተማራችሁትን ሁሉ እዚያ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።